አዲስ ሰፈር በመፀው

በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የቤት ዕቃ የጫነ አይሱዙ ይበዛል። ልጆች ትምህርት ሳይጀምሩ ቤት መቀየር የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ የኪራይ ውሉ ያለቀበት፣ ትዳር የያዘ፣ በመልሶ ማልማት ከመሐል ከተማ የተነሣ፣ ለሥራ ከክፍለ ሀገር የመጣ፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን የማያውቀውን ደረጃ ይወጣል፣ የማያውቀውን በር ይከፍታል።

አልጋውና ቁም ሣጥኑ በሁለት ቀን ቦታቸውን ይይዛሉ። ሰው ግን ቦታውን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ የገባ ሰው ዓመት ሙሉ በአንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ከፊት ለፊቱ በር የሚኖረውን ሰው ስም ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። በግቢ ቤት፣ በአንድ የውሃ ቦኖና በአንድ አጥር ተሳስሮ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ይከፋዋል።

ይህ ጽሑፍ ለአዲስ ገቢዎች ነው። የሚለውም ይህን ነው፦ ከዓመቱ ወቅቶች ሁሉ ለአዲስ ገቢ የሚመቸው መፀው ነው፤ ክረምቱን በር ዘግቶ የከረመ ሰፈር በዚህ ወቅት ደጅ ይወጣልና። በርበሬው የሚሰጣው፣ በቆሎው የሚጠበሰው፣ ብርድ ልብሱ የሚታጠበው፣ ደመራው የሚቆመው ደጅ ላይ ነው። የወቅቱን ደስታ ፈልጎ የወጣ ሰው ጎረቤቱን ሳያገኝ አይመለስም።

ወቅቱና ሰማዩ

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅቶች አሉት። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃሉ። መፀው እንግዲህ ጥቅምትንና ኅዳርን ሙሉ በሙሉ፣ ታኅሣሥንም አብዛኛውን ይይዛል። አበባው፣ እሸቱና አዝመራው በተከታታይ የሚመጡበት ጊዜ ነው።

የአየሩን ለውጥ የሚያመጣው በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናብ ቀበቶ ነው። ይህ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ በክረምት ወደ ሰሜን ይወጣል፣ በመስከረም ወደ ደቡብ መመለስ ይጀምራል። እሱ ሲርቅ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ ቦታውን ይወስዳል። አዲስ አበባ የዓመቱን ዝናብ ግማሽ የሚጠጋውን በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ታገኛለች፤ ጥቅምት ሲገባ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል።

ደመና የሌለበት ሰማይ ቀን ቀን ፀሐይን ያለ ከልካይ ያስገባል፣ ሌሊት ደግሞ መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ላይ ያስመልጣል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗ ሲጨመርበት፣ የኅዳር ቀን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ሹራብ አውልቆ የዋለ ሰው ማታ ጋቢ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቦቹ መካከል የሚታሰረው አየር ሙቀቱን ይይዛል።

ይህ ለአዲስ ገቢ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ብሎኮች እርስ በርስ ስለሚጋረዱ የጠዋት ፀሐይ በግቢው ውስጥ ሁሉም ቦታ እኩል አትደርስም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ ቀድማ የምታርፍበት ግድግዳ የት እንደሆነ ይመልከቱ። አዛውንቶች ጋቢያቸውን ደርበው የሚቀመጡት፣ እናቶች ሕፃን ልጃቸውን ፀሐይ የሚያሞቁት እዚያ ነው። የሰፈሩ ወሬ፣ የውሃው ፈረቃ፣ የጠፋው ቁልፍ፣ የሚከራየው ቤት ሁሉ እዚያ ይሰማል። ሰላምታ ሰጥቶ ለሩብ ሰዓት አብሮ ፀሐይ የሞቀ ሰው የወር ያህል መረጃ ይዞ ይመለሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ማለፍ የለበትም። የጥቅምት ብርድ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የኮንዶሚኒየም ክፍሎች ጠባብ ናቸው፤ የብረት በርና መስኮታቸውም ከቆርቆሮና ከጭቃ ቤት ይልቅ አየር ይዘጋል። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ሥራው ሲያልቅም ደጅ ይደር።

ክረምት በቤቱ ላይ የጻፈው

አዲስ ቤት የገባ ሰውን ለመጠየቅ የሚመጣ እንግዳ ከደጃፉ ላይ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ይመልሳሉ። ቤቱ የሚሞላበት፣ ከብቱ የሚራባበት ይሁን የሚል የገበሬ አገር ምርቃት ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይም ያምራል። ምርቃቱን ከተቀበሉ በኋላ ግን ቤቱን ራሱን በአስተዋይ ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የመፀው መግቢያ ቤት ለመመርመር ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው። በጥር ወይም በየካቲት ቤት ያየ ሰው የደረቀ ግድግዳና አዲስ ቀለም ብቻ ያያል። በመስከረምና በጥቅምት ግን ክረምቱ ያሳለፈው ሁሉ ገና አልደረቀም። የጣሪያው ጥግ ላይ ቢጫ ክብ ካለ ከላይ ውሃ ይገባል። ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ እርጥበት ከሥር ይስባል። ከቁም ሣጥን ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለአከራይ ወይም ለሕንፃው ኮሚቴ አሁኑኑ ማሳየት ተገቢ ነው። ጥገናው በጋውን ሙሉ ጊዜ ያገኛል፣ የሚቀጥለው ሰኔም ሳያስደነግጥ ይመጣል። ሻጋታውን ለማዳከም ዕቃውን ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ማራቅ፣ ከረፋዱ እስከ አሥር ሰዓት መስኮት መክፈት፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ማዋል ይጠቅማል።

ተከራይ ከሆኑ ወረቀቱ ላይ አይዘናጉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የጋራ ሕንፃ ባለቤት ከሆኑ ደግሞ የ1995ቱን አዋጅ ቁጥር 370 መንፈስ ይወቁት። ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ አውጥቶ በአዲሱ ወረዳ መመዝገብም አይዘግይ። ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለመታወቂያ እድሳት፣ ለብዙ ጉዳይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሰፈርን በእግርና በእሸት ማወቅ

አዲስ ሰፈር በታክሲ መስኮት አይታወቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሥራ መልስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድና ቀሪውን በእግር መሄድ ጥሩ ልማድ ነው። ወፍጮ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የእሁድ ገበያው የሚቆምበት ሜዳ፣ ማታ መብራት ያለበት መንገድ የሚታወቁት እንዲህ ነው። ከአንድ ባለሱቅና ከአንዲት የጉሊት ነጋዴ ጋር ደንበኝነት መያዝም ከቤት ዕቃ እኩል አስፈላጊ ነው። ባለሱቁ ቁልፍ አደራ ይቀበላል፣ የጉሊቷ እናት ደግሞ በየትኛው ቀን ምን ትኩስ እንደሚገባ ትናገራለች።

በመፀው የእግር መንገዱ ምግብም አለው። በመጀመሪያ የሚገኘው የበቆሎ እሸት ነው። ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ በየመንገዱ ጠርዝ ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ በትልቅ ድስትም ይቀቀላል፤ ጥቅምት ሲገፋ እየቀነሰ ይሄዳል። ጥሩውን ለመለየት ቅርፊቱን ትንሽ ገለጥ አድርጎ ፍሬውን በጥፍር መንካት ይበቃል። ወተት የሚመስል ፈሳሽ ካወጣ ለጋ ነው፣ ለመቀቀል ይሆናል። ጠንከር ብሎ ጥፍርን ከገፋ ለጥብስ ይሻላል፣ ጥርስ ግን ይፈልጋል። በቆሎ ከተሸለቀቀበት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ያለው ስኳር ወደ ስታርች እየተለወጠ ጣፋጭነቱን ያጣል። ጠዋት የገባውን ጠዋት መግዛት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የባቄላና የአተር እሸት በእስር በእስር ሆነው ይመጣሉ። በክረምት መጀመሪያ የተዘሩት ባቄላዎች በመስከረምና በጥቅምት ፍሬያቸው ሞልቶ ገና ሳይደርቅ የሚነቀሉ ናቸው። ሽንብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ስለሆነ እሸቱ ኋላ ይደርሳል፣ ታኅሣሥ አካባቢ። ገበያውን በዚህ ቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው የገበሬውን መሬት ሳያይ በዓመቱ የት እንዳለ ያውቃል።

እሸት ለጎረቤትነት የሚመች ምግብ ነው። አንድ እስር ባቄላ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም፤ እየፈለፈሉ እየተጫወቱ ነው የሚያልቀው። በአንድ ደረጃ ላይ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ አብረው ይኖራሉ፤ ሥጋው በእምነት ይለያያል፣ ወተትና ቅቤው በጾም ይለያያል። እሸትና ቆሎ ግን ማንንም ከማዕድ አያስነሱም። የጎረቤቶቹን እምነትና ልማድ ገና የማያውቅ አዲስ ገቢ ሊያቀርበው የሚችለው ከስጋት ነፃ የሆነ መስተንግዶ ይህ ነው።

ማሩ፣ አጥንቱና ቅርጫው

አደይ አበባ ሰኔ ላይ በዝናቡ በቅሎ ክረምቱን በሙሉ ሣር መስሎ ያድጋል፤ ዝናቡ ሊቀንስ ሲል ሜዳውንና ጋራውን ቢጫ ያለብሳል። እንጦጦ አቀበት ላይ፣ በከተማው ዳር ባሉ ባዶ ቦታዎች፣ በአጥር ሥር ሳይቀር ይታያል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከሰሜኑ ሰፈሮች በእግር ይደረሳል፣ ለቀሪውም ከተማ የእሁድ ጠዋት መንገድ ነው።

ይህን አበባ ከሰው ቀድማ የምትጠቀምበት ንብ ናት። በደጋው ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነው በመስከረም አበባ ብዛት ነው። አዲስ ማር ሲገዙ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ማር ሰንብቶ ሲረጋ ብዙ ሰው «ስኳር ተጨምሮበታል» ብሎ ይጠረጥራል። ንጹሕ ማር ግን በውስጡ ባለው ግሉኮስ ምክንያት በተፈጥሮው ይረጋል፤ የሚረጋበት ፍጥነት ንቧ በቀሰመችው አበባ ዓይነትና በአየሩ ብርድ ይወሰናል። መርጋቱ ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም። ከአንድ የታመነ ነጋዴ በየዓመቱ መግዛት ከማንኛውም የቤት ውስጥ ሙከራ ይበልጣል፤ የታመነውን ነጋዴ የሚያሳይዎ ደግሞ ቀድሞ የሰፈረ ጎረቤት ነው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረትም ከአየሩና ከሣሩ የመጣ ነው። ብርዱ ሰውነትን ጉልበት ያስጠይቃል፤ ከብቱም ክረምቱን የለመለመ ሣር ሲግጥ ከርሞ በዚህ ወቅት ሥጋ ይይዛል። ስለዚህ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዙና ቅርጫ ይገባሉ። ሥጋው ከየብልቱ እኩል እኩል በየመደቡ ይደለደላል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ማንም ለራሱ እንዳያዳላ የሚጠብቅ ቀላል ሥርዓት ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ ዕርዱና ክፍፍሉ የሚከናወነው ለዚህ ተብሎ በተሠራው የጋራ ሕንፃ፣ ሰዉ ኮሙናል በሚለው ነው። አዲስ ገቢ ለቅርጫ ከተጠየቀ እንደ ትልቅ ነገር ይቁጠረው፤ «ከእኛ ጋር ነህ» መባል ነው። የማይበላ ከሆነም በትሕትና መመለስና በሌላ መንገድ መሳተፍ ይቻላል።

በርበሬ ሲሰጣ

ከወቅቱ ሥራዎች ሁሉ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስቀምጥ እንደ በርበሬ ያለ የለም። በዝናብ የበቀለው በርበሬ በመፀው ይቀላል፣ ይለቀማል፣ ይደርቃል። ከማረቆና ከሌሎች አካባቢዎች የሚመጣው ዛላ ወደ ከተማው ሲገባ የዓመቱን በርበሬ የምታዘጋጅ እናት ሁሉ ፀሐዩን ትቆጥራለች።

ፀሐዩ የሚቆጠረው በምክንያት ነው። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊፈጥር ይችላል። መርዙ በመፍጨትም በማብሰልም አይጠፋም። ዛላ ሲገዛ ቀለሙ ደማቅ፣ ቆዳው ያልተሸበሸበ፣ ሲነቃነቅ ፍሬው የሚንኳኳ መሆኑን ማየት፣ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ማውጣት ግዴታ ነው።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ዛላው ይጸዳል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፣ እንደገና ይደርቃል። በመጨረሻም ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ጨውም ተጨምሮ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። መጠኑ ቤት ለቤት ይለያያል፤ እናት ለልጅ የምታስተላልፈው ነው።

መቀንጠስ ብቻውን ቀን ይፈጃል፤ ጎረቤት የሚጠራውም ያኔ ነው። ግቢው ውስጥ ማዳበሪያ ወይም ሰሌን ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶች ካዩ፣ «እትዬ፣ በርቱ! ላግዝዎት?» ብሎ መጠየቅ ለአዲስ ገቢ ከማንኛውም የትውውቅ ንግግር ይበልጣል። ወንድ ከሆኑም ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ማድረስ አለ። ሁለት ሰዓት አብሮ የቀነጠሰ ሰው ማን አራስ እንደሆነች፣ ማን ልጁ እንደታመመበት፣ የትኛዋ ሐኪም ጥሩ እንደሆነች ሰምቶ ይነሣል። ለእጅ ማቃጠሉ መፍትሔ አለው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። ስለዚህ እጅን መጀመሪያ በዘይት አሽቶ ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ ነው።

ሰፈሩ በአንድነት የሚቆምባቸው ቀናት

የመስቀል ደመራ የሚበራው መስከረም 16 ነው፤ መፀው በይፋ ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ የመስቀል አደባባዩም ደመራ በዓለም ይታያል። ለአዲስ ገቢ ግን የበለጠ የሚጠቅመው የሰፈሩ ደመራ ነው። ወጣቶቹ ችቦና እንጨት ሲያሰባስቡ አንድ እንጨት ወይም ትንሽ መዋጮ ይዞ መገኘት፣ ማታም እሳቱ ዙሪያ መቆም፣ በአንድ ምሽት የብሎኩን ሰው ግማሽ ያስተዋውቃል። በዚያው ሰሞን የኦሮሞ ጎረቤቶችዎ ለምለም ሣርና አበባ ይዘው ወደ ኢሬቻ ይወጣሉ፤ በአዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ፣ በማግሥቱ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ። ክረምቱን ላሻገረ ፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው። እንኳን አደረሳችሁ ማለት የሁሉም ጎረቤት ድርሻ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ወደ ግብፅ መሰደድ የምታስብበት ጊዜ ሲሆን በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቤት የያዘ ሰው ለእሁድ አጥቢያ ከበሮና ጸናጽል ሲሰማ ምክንያቱ ይህ ነው። ጾሙ የፈቃድ ስለሆነ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የሚጾምና የማይጾም ይኖራል፤ ጎረቤት ሲጋብዙ ቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ኅዳር 12 ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። በዚያ ዘመን ሰው በሽታውን በጭስና በጽዳት ለመከላከል ሞከረ፤ ልማዱም ከበሽታው በኋላ ቀጠለ። እስከ ዛሬ በኅዳር ሚካኤል ቀን ቤቱ ይጠረጋል፣ ቆሻሻው ከየግቢው ወጥቶ ይቃጠላል። የዛሬው ቆሻሻ ግን አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ጭሱ ሕፃናትንና አስም ያለባቸውን ይጎዳል። የልማዱ ቁም ነገር ጽዳቱና አብሮ መውጣቱ ስለሆነ፣ ደረጃውን አብሮ ማጠብ፣ ቱቦውን መጥረግ፣ ቆሻሻውን ለአንሺዎች ማስረከብ በዓሉን ሙሉ ያደርገዋል። አካፋ ወይም መጥረጊያ ይዞ የወጣ አዲስ ገቢ ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ አይባልም።

ሩጫ ለሚወዱም ኅዳር የራሱ ቀን አለው። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተጀምሮ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚወጣበት በዓል ሆኗል። በጥቅምት ጠዋቶች ለእሱ የሚዘጋጁ የሰፈር ልጆችን መቀላቀል ለወጣት አዲስ ገቢ ትልቅ በር ነው።

ዕድር፦ ደስታ የሚቆምበት መሠረት

እስካሁን ያነሣነው ሁሉ የደስታ ነው። ሰፈር ግን የሚፈተነው በሐዘን ቀን ነው፤ ለዚያም ቀን አገሩ ያበጀው ዕድር ነው። አባላት በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ። ሞት ሲደርስ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ለሐዘንተኛው በዝምድናው ቅርበት የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። ሰዉም ቀብር ይወጣል፣ ለቅሶ ይቀመጣል። በብዙ ዕድሮች እምነትና ብሔር አይጠየቅም።

አዲስ ገቢ ዕድር ለመግባት ሐዘን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የዕድሩን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ማንነት የፀሐይ መሞቂያው ሰዎች ይነግሩዎታል። መተዳደሪያ ደንቡን አስነብቡኝ ይበሉ። የመግቢያው ክፍያ ስንት ነው? ከተመዘገቡ ስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ መብት ይገኛል? በስብሰባና በቀብር አለመገኘት ቅጣቱ ምንድን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ዕቁብ ግን ይቆይ። ዕቁብ የገንዘብ መተማመን ስለሆነ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የሚሆን ወዳጅ እስኪገኝ ጊዜ መስጠት ለአዲስ ገቢውም ለዕቁብተኞቹም ይበጃል።

ለቅሶ ሲሰሙ መድረስ፣ የወለደች ጎረቤት ካለች አራስ መጠየቅ፣ ሽማግሌዎችን በጋሼና በአባባ፣ እናቶችን በእትዬና በእማማ መጥራት፣ ስሙን ያላወቁትን ሰው በልጁ ስም «የእገሌ አባት» ማለት፤ እነዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ መዋጮዎች ናቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለቅርበቱ ይህ ሁሉ ስለሚከፈልለት ነው።

ቡናው ይፈላ

አዲስ ገቢዎች ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ያዘገያሉ። ጎረቤት ለመጥራት መጋረጃው እስኪሰቀል፣ ሶፋው እስኪገዛ፣ ቤቱ እስኪቀባ ይጠብቃሉ። መጋረጃው ሲሰቀል ጥር ይገባል። በዚያን ጊዜ ደጅ ላይ ያለው አቧራና ነፋስ ነው፣ በርበሬውም ተፈጭቷል፣ እሸቱም አልቋል፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ገብቷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይመከራል። ዕቃው ካርቶን ውስጥ እንዳለ፣ በመጀመሪያዋ ፀሐያማ እሁድ ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፣ ቡናው ይቆላ፣ አንድ እስር የባቄላ እሸትና አንድ ሰሐን ቆሎ ይቅረብ። ልጁን ወደ ግራና ቀኝ በሮች፣ ወደ ላይና ወደ ታች ፎቆች ልኮ «ኑ ቡና ጠጡ» ማስባል ነው። የሚመጡት መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይሆናሉ፤ ወንበር ካልበቃ በርጩማ ወይም ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ የውሃው ፈረቃ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የማሩ ነጋዴና የበርበሬው ቀን ይታወቃሉ። ቀድሞ የሰፈረውም ሰው የራሱ ግዴታ አለበት። አዲስ በር ሲከፈት ያየ ጎረቤት «ቤት ለእንቦሳ!» ብሎ ማንኳኳት አለበት፤ አዲስ ገቢው መጥራት ቢያፍር እንኳ በሩን መክፈት አያፍርም።